ምዕራፍ ሰባት፦ ለዓይን የተሰቀለ፣ ለልጅ የተቀመጠ

ካላክላ ከካርቱም መሀል ወደ ደቡብ፣ ነጭ ዓባይን ተከትሎ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። ከሱዳናዊው ሠራተኛ ጎን ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም ተከራይቶ ኖሮበታል። እዚያ አበሻ የተከራየው ክፍል የገባ ሰው የግድግዳውን ሥርዓት ወዲያው ያውቀዋል፤ ጎንደርም አዲስ አበባም ያለው ያው ነው። ከላይ የእመቤታችን ሥዕል፤ ከሥሯ በመስታወት የገባ የሠርግ ወይም የምርቃት ፎቶ፤ በፍሬሙ ጥግ የተሰኩ ጉርድ ፎቶዎች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ከአገር ቤት የመጣች ሙዳይ። አልጋው ሥር ደግሞ ሻንጣ አለ፤ የእናት ነጠላ፣ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች፣ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሰርተፊኬት የሚኖሩበት።

እስካሁን ያየነው ዕቃ ለምን እንደሚያረጅ ነበር። በምዕራፍ ሦስት ወረቀት ከራሱ በሚወጣ አሲድ እንዴት እንደሚበላ፣ በምዕራፍ አምስት ሙቀት ይህን መበላት እንዴት እንደሚያፋጥነው ተመልክተናል። እነዚያ ምዕራፎች መጋዘን ውስጥ አስቀርተውን ነበር፤ አሁን ሳሎን እንገባለን። የሙዚየም ሰዎች ቅድመ ጥበቃ የሚሉት ሙያ የተበላሸውን ከመጠገን ይልቅ እንዳይበላሽ አካባቢውን የማስተካከል ሥራ ነው። ብዙ ተጽፎበታል። ለቤት የሚበቃው ግን አንድ ሐሳብ ነው፦ ማሳየትና ማኖር ሁለት ሥራ ናቸው፤ አንዱን ዕቃ ሁለቱንም ካሠራነው አንደኛውን ያጎድላል፤ የሚያጎድለውም ሁልጊዜ ማኖርን ነው።

ካላክላን የመረጥኩት ይህን ሐሳብ የሚፈትን ነገር ሁሉ እዚያ ስላለ ነው። የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል፣ ጎርፍ፣ ምስጥ፤ በመጨረሻም ሽሽት።

የማይሞላ ዚር

ለዓመታት የተሰቀለ ባለ ቀለም ፎቶ ከግድግዳ አውርዱና በፍሬሙ ጥግ የተሰካውን ጉርድ ፎቶ ንቀሉት። ጉርዱ ከድኖት የነበረው አራት ማዕዘን ቦታ ከቀረው ይደምቃል። የሙሽራው ሱፍ ከጥላው ውጭ አመድማ ሆኗል፤ ጥላው ውስጥ የነበረው ትከሻው ግን ገና ጥቁር ሰማያዊ ነው። የአበባው ቀይ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሥጋ መሳይ። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ወረቀቱ አንድ፣ የታጠበበት ቀን አንድ፣ የቤቱ ሙቀትና አቧራም አንድ ነው። የተለየው ብርሃኑ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ሙከራ አያደርግም።

ብርሃን ጉልበት አለው። ቀለሙን ቀለም ያደረገውን የሞለኪውል ትስስር ይመታና ይሰብራል፤ የተሰበረው ተመልሶ አይገጠምም። ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በጉዳቱ ይከፋል፤ የምናየውም ብርሃን ግን ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ "ፀሐይ አይነካውም፣ ጥላ ውስጥ ነው" ማለት ጉዳቱ ዘገምተኛ ነው ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም።

ካርቱም የኖረ ሰው ዚርን ያውቃል፤ በየበሩና በየዛፉ ጥላ የሚቆመውን፣ ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ትልቅ የሸክላ ጋን። አላፊ አግዳሚው ይቀዳበታል፤ ሲጎድል ይሞላል። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ የሞላ፣ ሁለተኛ የሚሞላው የሌለ ዚር አስቡ። በኩባያ እየቀዱ ዓመት ቢጠጡትም፣ በባልዲ እየቀዱ በሁለት ቀን ቢጨርሱትም፣ የተቀዳው ውሃ ልኩ ያው ነው። ፎቶ ከፎቶ ቤት የሚወጣው እንዲህ ሞልቶ ነው። ደብዛዛ ብርሃን በኩባያ ይቀዳል፣ ቀትር በባልዲ ይቀዳል። ማታ መብራት ሲጠፋ መቅዳቱ ይቆማል እንጂ የተቀዳው አይመለስም።

ልኩን በቁጥር እንየው። ባለሙያዎቹ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚለኩት ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። ለባለ ቀለም ፎቶ፣ ለጨርቅና በውሃ ቀለም ለተሠራ ሥዕል ሙዚየሞች የሚፈቅዱት 50 ሉክስ ያህል ነው፤ ዓይን ሲለምደው የሚያሳይ፣ ጋዜጣ ለማንበብ ግን የሚያታክት ብርሃን። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሙዚየሙ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ክፍት ቢሆን ከፎቶው የሚቀዳው 50 ሲባዛ በ2,400 ሰዓት፣ ማለትም 120,000 ነው። ያንኑ ያህል ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የሙዚየም አንድ ዓመት፣ የካላክላ አንድ የምሳ ሰዓት።

የጣና ገዳማትን ያየ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች መጋረጃ እንዳላቸው ያስታውሳል፤ ካህኑ ይገልጡታል፣ ከታየ በኋላ ይመልሱታል። የተደረገው ለክብር ነው። ለቀለሙም ግን ከዚህ የተሻለ የሚያዝለት የሙዚየም ሰው አይኖርም።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለአያት ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንጨነቃለን፤ የራሳችንን ባለ ቀለም ፎቶ "ገና አዲስ ነው" ብለን እንሰቅላለን። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጥቁርና ነጩ ምስል የተሠራው ከብር ቅንጣት ነው፤ በደንብ ከታጠበና ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገለው የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬም ፊት ያስለያሉ። የባለ ቀለሙ ምስል ግን ከማቅለሚያ የተሠራ ነው፤ ማቅለሚያው በጨለማም፣ ሙቀት ካገኘ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ባለ ቀለም ፎቶዎች ሻንጣ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ቀላ ብለው የሚገኙት ለዚህ ነው። ቅጂ ለማስነሳት ወረፋ ካስያዛችሁ ከአያት በፊት ሙሽራዋን አስቀድሙ።

የውሃ ሙከየፍ ፊት ለፊት

ከብርሃን ቀጥሎ የሚመጣው ርጥበት ነው። በካርቱም ደረቅ አየር ስለ ርጥበት ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። በሚያዝያና በግንቦት አየሩ የያዘው ርጥበት ሊይዝ ከሚችለው ሃያ በመቶ እንኳ የማይሞላበት ቀን ብዙ ነው። ፎቶን ከወረቀቱ ጋር ያጣበቀው ጄላቲን የሚባል ነገር ነው፤ ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ። ሲደርቅ ይኮማተራል። የፎቶው ጠርዝ የሚታጠፈው፣ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ የሚወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ ሙቀቱ ሲብስ የውሃው ሙከየፍ ይከፈታል፤ ርጥብ ድርቆሽ ውስጥ አየር እያሳለፈ የሚያቀዘቅዘው ሳጥን። ለሰው በረከት ነው። አየሩ የሚገባው ግን ውሃ ተሸክሞ ነው፤ ፊት ለፊቱ የተሰቀለው ፎቶ ያን እርጥብ አየር ቀኑን ሙሉ ይቀበላል። መብራት ሲጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ ሲመጣ ይርሳል። ጄላቲኑ ሲያብጥና ሲኮማተር ይውላል። አብጦ ለስልሶ ሳለ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተነካካ ይጣበቃል፤ በጉልበት ያላቀቀው ሰው የእናቱን ፊት መስታወቱ ላይ ያገኘዋል። ርጥበቱ ከ65 በመቶ ካለፈና ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። የክረምቱ ዝናብ ሲጨመር ወደዚያ መድረስ ሩቅ አይደለም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ፎቶውን ከሙከየፉ ትይዩ አንሡት። በሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከግቢው የሚንጸባረቀውን ብርሃን ስለሚቀበል፣ የምዕራቡ የውጭ ግድግዳ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለሚግል፣ ሁለቱንም ተዉአቸው። በፎቶውና በመስታወቱ መሀል በዙሪያው የካርቶን ጠርዝ አስገቡ፤ ፎቶ ቤቶች ፓስፓርቱ ይሉታል። ለጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሁለቱ እንዳይነካኩ ማራራቅ ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከመስታወቱ ላይ ብቻ አንሡ። የፎቶውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ መወልወል በአሸዋ መፈግፈግ ነው።

ስለ ምስጥ ባጭሩ። ሱዳኖቹ አርዳ ይሉታል። ከመሬት በአፈር ቱቦ እየወጣ ወረቀትን፣ ካርቶንን፣ እንጨትን ይበላል፤ ጭቃ ግድግዳና አፈር ወለል ይመቸዋል። አልጋ ሥር መሬት ላይ የተቀመጠ ሻንጣ ለእሱ የተዘረጋ ገበታ ነው። ለጎርፍም እንዲሁ። ሻንጣው ጉልበት በሚያህል ከፍታ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ይቀመጥ። ከጣራው ሥር ቁምሳጥን ላይም አይሁን፤ እዚያ ደግሞ ቆርቆሮው ይጋግረዋል።

ቅጂው ይሰቀል

የምዕራፉ ሐሳብ ወደ ተግባር የሚወርደው እዚህ ነው። ግድግዳ ላይ ቅጂው ይዋል፣ ዋናው ሳጥን ይግባ። ቅጂው ሲደበዝዝ ሌላ ይታተማል።

ቅጂ ለመሥራት ስልክ ይበቃል። ፎቶውን ከመስታወቱ አውጡት፤ ከተጣበቀ ግን አትነካኩት፣ ከነመስታወቱ አንሡት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ። ጀርባውንም አንሡ፤ ብዙ ጊዜ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው እዚያ ነው። ፎቶ ቤት ስካን የሚያስደርግ ሰው 600 ዲፒአይ ይበላቸው፤ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው፣ ጉርድ ፎቶ አስፍቶ ለማተም ያበቃል። በቴሌግራም ስትልኩት "እንደ ፋይል" በሚለው ላኩ፤ በተራው መንገድ ከላካችሁት አሳንሶ ነው የሚያደርሰው።

"ቅጂ እንደ ዋናው አይሆንልኝም" የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አባትየው በእጁ የያዘውን ወረቀት መያዝ ሌላ ነገር ነው። ግን ያ ስሜት የመያዝ ነው፣ የመስቀል አይደለም። ግድግዳ ላይ ዓመት የተሰቀለውን ማንም አያየውም፤ ዓይን ይለምደዋል። ዋናው በፋሲካ ወይም በተዝካር ከሳጥኑ ወጥቶ በልጆች እጅ ቢዞር፣ ታሪኩ ቢነገርለት፣ ከዚያ ቢመለስ ይበልጥ የሚታየው ያኔ ነው።

ከቤት ፎቶ ቅጂ ምን ሊወጣ እንደሚችል ያሳየው ቪንቴጅ አዲስ አበባ ነው። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ ከቤተሰቦች አልበምና መሳቢያ የወጡ የድሮ ፎቶዎችን ቅጂ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙ። አፍሮ ያበጠሩ ወጣቶች፣ ቮልስዋገን ላይ የተደገፉ ሙሽሮች፣ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙ እኅትማማቾች። ዋናዎቹ የባለቤቶቻቸው ናቸው፤ የተጓዘው ምስሉ ነው።

ሳጥኑ ምን ይሁን? የጫማ ካርቶን አሲድ አለው፤ ሌላ ከጠፋ ግን ከግድግዳ ይሻላል። ውስጡን በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አልብሱት። ገጹ ሙጫ ያለው፣ ላዩ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ተለጣፊ አልበም ግን የፎቶ ጠላት ነው፤ ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውን ይይዛል፣ አይለቅም። ሰርተፊኬትና የልደት ካርድ ላሚኔት ማስደረግም ያው ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሃድ ወደኋላ መመለሻ የለውም። እኔ ብሆን የላሚኔት ማሽን አጠገብ ቅጂ እንጂ ዋና አላስጠጋም።

ሌሎቹን ዕቃዎች በፍጥነት እንለፋቸው። ነጠላና ቀሚስ ታጥቦ፣ ስታርች ሳይነካው፣ ጥለቱ ብርሃን ሳያገኘው ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ በዚያው መስመር ስለሚቆረጥ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይመረጣል። የአልትራሳውንድ ምስልና የባንክ ደረሰኝ የሚታተሙት በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ነው፤ የካርቱም ሙቀት ሙሉውን ሊያጠቁረው፣ ብርሃኑም ሊያጠፋው ይችላል፤ ዛሬውኑ ይነሣ። ካሴቱ ሁሉንም ይቅደም። ደብዳቤ ለማይጽፍ ሰው በካሴት ድምፅ መላላክ በስደት የተለመደ ነበር፤ ቴፑ ግን በሙቀት ይጣመማል፣ የሚያጫውተው ቴፕ ሪከርደርም እየጠፋ ነው። ፎቶ ደብዝዞም ይታያል። ድምፅ የሚያሰማው ማሽን ከሌለ የለም።

ቅዳሜ ሹር

በ1980 ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ካርቱም ላይ ዶፍ ዘንቦ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። በነሐሴ 2012 ደግሞ ዓባይ መመዝገብ ከጀመረ ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ከፍታ ላይ ደርሶ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የጎርፍ ዕውቀት ትርፍ አይደለም።

ውሃ የነካው ፎቶ ይድናል፤ የሚገድለው ተደራርቦ መድረቁ ነው። ተጣብቆ ከደረቀ አትገንጥሉ። እርጥቡን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አኑሩትና አንድ በአንድ አላቁ፤ ምስሉን ሳትነኩ ጠርዙን ይዛችሁ አለቅልቁ፤ በጥላ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡ። ፀሐይ ላይ አይሁን። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ጊዜ ካጠረ በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪዘር ክተቱት፤ በረዶው ጊዜ ይገዛል።

ለእሳት ግን እንዲህ ያለ መላ የለም። የሱዳን ጦርነት ካርቱም ላይ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳሜ ነው፤ ለኦርቶዶክሱ ቅዳሜ ሹር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ዶሮ ሊታረድ፣ ቄጤማ ሊጎዘጎዝ በነበረበት ቀን ከተማው የተኩስ ሜዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብዙ ሺህ ሰው፣ ሱዳናዊም አበሻም፣ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ገላባትና መተማ ወረደ። በአውቶቡስ የሚያዝ ሻንጣ አንድ ነው፤ በየኬላው የሚፈተሽ፣ አንዳንዱም የሚቀማ። ስልኩም የተዘረፈበት ብዙ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እዚያው ቀረ።

ትልቁም ቤት አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ከአስዋን ግድብ ውሃ ያመለጡ ቤተ መቅደሶችን ግቢው ውስጥ ተክሎ የነበረ ነው። የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2017 የካርቱምን መሀል መልሶ ሲይዝ ሙዚየሙ ተዘርፎ ተገኘ። ከባዱ ድንጋይ ቆሟል፤ ሰው ሊሸከመው የሚችለው ሄዷል።

ስለዚህ ማኖር የሚለው ቃል ለስደተኛ ቤት ሳጥን ብቻ ማለት ሊሆን አይችልም። ቅጂው በሦስት ቦታ ይኑር፦ አንዱ ስልክ ውስጥ፣ አንዱ በኢሜይል ወይም በሌላ የኢንተርኔት ማከማቻ፣ አንዱ ሌላ አገር ባለ ወንድም ወይም እኅት እጅ። ዋናው ደግሞ በአንድ ላስቲክ፣ ከፓስፖርቱና ከስደተኛ መታወቂያው ጋር አንድ ቦታ። ብዙ መሆን የለበትም። አሥር ፎቶ በቂ ነው፤ የሚያስቸግረው መምረጡ ስለሆነ ግን ምርጫውን ለመነሻው ሌሊት አታቆዩት።

ስትመርጡ ለውበት አትምረጡ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ግድግዳውን የሞሉትን ፊቶች ያስታውሳል። ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት ወይም ለመታወቂያ የተነሡ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ያኔ ማንም የሚሰቀል ነው ብሎ አላሰባቸውም። ስለ አንድ ልጅ የቀረው ግን እሱ ሆነ። ሌላ ቅጂ የሌለው፣ ሌላ ፎቶ የሌለው ሰው ያለበት፣ እሱ ይቅደም።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ሥሩ። ከፎቶዎቻችሁ አንዱን ገልብጡና የሚታዩትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ጠርዙ ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ላይ ይወጣል። የባለ ቀለም ፎቶ ጀርባ ፕላስቲክነት ስላለው እርሳስ ካልያዘ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ስሙን የማታውቁት ሰው ካለ የሚያውቀው አክስት ወይም አጎት ገና በሕይወት ሳለ ዛሬ ማታ ደውሉ።